ሁለቴ ፎርማት ተደርጎ አልስተካከል ላለው ኮምፒውተርሽ፣ ከየት ልጀምር ላልሽው

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። ሌላውም ሰው እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው፤ ዩዝድ የገዛሽው የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፣ 4ኛ ጄኔሬሽን ኮር አይ 5፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የለውም፣ ዊንዶውስ 10 ነው የተጫነበት፣ 8 ጊጋ ራም (ኮምፒውተሩ እየሰራበት ያለውን ነገር ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ነበረው ከዛ ወንድምሽ ሌላ 8 ጨመረበት። አንዳንዴ ድንገት ድርግም ብሎ በራሱ ይነሳል፣ አንዳንዴ ብሉ ስክሪን (የስህተት ኮድ የተፃፈበት ሰማያዊ ገፅ) ያመጣል ኮዱም በየጊዜው ይለያያል፣ አንዳንዴ ደሞ ስክሪኑ ላይ ባለቀለም መስመርና ነጠብጣብ ይመጣና ይጠፋል። እንጀራ ሲጋገር የሚብስበት ይመስለኛል ብለሽ እናትሽ ስቀውብሻል። ሁለቴ ፎርማት አስደርገሻል፣ አሁን "ማዘርቦርዱ (ሁሉም እቃ የሚሰካበት ዋናው ሰሌዳ) ነው፣ ቀይሪው" ተብለሻል፣ የመመረቂያ ፅሁፍሽም እዛው ላይ ነው ያለው።

ማዘርቦርድ ለመቀየር ገና ነው፣ ብርሽን ያዢ። "ያለምክንያት ነው ሚበላሸው" ያልሽው ምክንያት አለው፣ እንደውም ከፃፍሽው ተነስቼ ስገምት አንድ ሳይሆን ሁለት፣ ምናልባትም ሶስት የተለያየ ችግር ነው ተደራርቦብሽ ያለው። ዝብርቅርቅ ያለብሽም ለዛ ነው። ሁሉንም እንደ አንድ ችግር ካየሽው አንዱን በትክክል ብትፈቺውም ሌላው ስለሚቀጥል "ይሄም አልሰራም" ብለሽ ትክክለኛውን መፍትሄ ትጥዪዋለሽ፣ ጥገና ቤት ስትወስጂውም ቴክኒሺያኑ ፊት አንዱም ላይታይ ይችላል። ስለዚ የመጀመሪያው ስራ መጠገን ሳይሆን መለየት ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ፅሁፍሽ። ዛሬውኑ ፍላሽ ላይም ጎግል ድራይቭ ላይም ኮፒ አርጊው። ኮፒ አርጎ መተው ግን አይበቃም፣ ፍላሹን ሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ሰክተሽ ፋይሉን ክፈቺና እስከ መጨረሻው ገፅ ውረጂ፣ ምክንያቱም ራም ሲበላሽ ኮፒው ራሱ ተበላሽቶ ሊሄድ ይችላል፣ ዳታው ወደ ፍላሹ የሚያልፈው በራም በኩል ነዋ። በድሮው ኮፒ ላይም ደርበሽ አትፃፊበት፣ ቀኑን ስሙ ላይ እየጨመርሽ አዲስ አርገሽ አስቀምጪ።

አሁን ወደ ፎርማቱ ልምጣ፣ ምክንያቱም እዚ ላይ ብዙ ሰው ይጎዳል። እኛ ጋ ኮምፒውተር ምንም ይሁን ምን የመጀመሪያው መድሀኒት ፎርማት ነው፣ ገንዘብም ትከፍያለሽ ፋይልሽም ይጠፋል። ሁለቴ ፎርማት ተደርጎ ያው ችግር ከተመለሰ ችግሩ በአብዛኛው ሀርድዌር ላይ ነው። ሁለት ነገር ግን አስቢ። አንደኛ፣ የጫኑልሽ ሁለቴም ከአንድ ፍላሽ ላይ ያለ የተነካካ፣ አክቲቬተር (ያልተገዛን ዊንዶውስ እንደተገዛ የሚያስመስል ፕሮግራም) ምናምን የታጨቀበት ዊንዶውስ ከሆነ ፎርማቱ ያንኑ ችግር ነው መልሶ የተከለው። ሁለተኛው ደሞ ይባስ፣ ራሙ ችግር እያለበት ዊንዶውስ ከተጫነ ሲስተም ፋይሎቹ ገና ሲገቡ ተበላሽተው ሊገቡ ይችላሉ፣ ከዛ በኋላ ራሙን ብትቀይሪ እንኳ ብሉ ስክሪኑ ሊቀጥል ይችላል፣ ያኔ "ራሙም አልነበረም" ትያለሽ። ስለዚ ፎርማት ካስፈለገ የመጨረሻ ስራ ነው፣ ሀርድዌሩ ንፁህ መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ዊንዶውሱንም ማይክሮሶፍት ራሱ ሳይት ላይ ባለው ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል አዘጋጅተሽ።

አንድ ደብተር ያዢ። በተበላሸ ቁጥር ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ምን እየሰራሽ እንደነበር፣ ምጣዱ ወይ ፍሪጁ እየሰራ እንደነበር፣ እና ከሁሉም በላይ እንዴት እንደጠፋ ፃፊ። አጠፋፉ ብዙ ነገር ይናገራል። ያለምንም ፅሁፍ መብራት እንደሄደበት ድርግም ካለ በአብዛኛው የፓወር ጉዳይ ነው። ሰማያዊ ስክሪን ከነፅሁፉ ካየሽ ራም፣ ድራይቨር (ዊንዶውስ እያንዳንዱን እቃ የሚያዝበት ፕሮግራም) ወይ ዲስክ። ማውሱም ሁሉም ነገር ተገትሮ ድምፁ "ዝዝዝ" ብሎ ከቀረ ሀርድዌር በይና ያዢው። ለትንሽ ጊዜ ተገትሮ ከዛ ምንም እንዳልተፈጠረ ከቀጠለ ደሞ መጀመሪያ ዲስኩን ጠርጥሪ።

ሁለቱን የመጀመሪያዎቹን ለመለየት አንድ ሴቲንግ መቀየር አለብሽ፣ ምክንያቱም ዊንዶውስ ብሉ ስክሪን ሲያመጣ ወዲያው በራሱ ሪስታርት ስለሚያደርግ ዞር ብለሽ ስትመለሺ መብራት የተቋረጠበት ነው ሚመስለው። ሲስተም ፕሮፐርቲስ ውስጥ አድቫንስድ ሚለው ጋ ግቢ፣ ስታርትአፕ ኤንድ ሪከቨሪ ላይ ሴቲንግስ ክፈቺና "አውቶማቲካሊ ሪስታርት" ላይ ያለውን ምልክት አንሺው። ከዚ በኋላ ብሉ ስክሪን ከሆነ እዛው ቆሞ ይጠብቅሻል፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። እግረ መንገድሽን ፓወር ኦፕሽንስ ውስጥ ፋስት ስታርትአፕ ሚባለውን አጥፊው፣ እሱ ካለ ሻት ዳውን ብትዪውም ዊንዶውሱ ሙሉ በሙሉ አይዘጋም፣ የትናንቱን የተበላሸ ሁኔታ ይዞ ነው ጠዋት የሚነሳው።

ያለፉትን ደሞ ኢቨንት ቪወር ውስጥ ታገኛቸዋለሽ። ዊንዶውስ ሎግስ፣ ከዛ ሲስተም፣ እዛ ከርነል ፓወር 41 የሚል ቀይ ምልክት ያለው ነገር ተደርድሮ ይጠብቅሻል። ብዙ ሰው "ፓወር" የሚለውን ስም አይቶ ሄዶ ፓወር ሰፕላይ ይገዛል፣ እሱ ግን በስርዓቱ ሳይዘጋ ለጠፋ ኮምፒውተር ሁሉ ሚፃፍ ነው፣ ለብሉ ስክሪንም ለመብራትም። ቁም ነገሩ ውስጡ ነው ያለው፤ ዲቴይልስ የሚለውን ተጫኚና "በግቼክኮድ" ከሚለው ፊት ያለውን ቁጥር እዪ። ዜሮ ከሆነ ዊንዶውስ ምንም ለመመዝገብ ጊዜ አላገኘም ማለት ነው፣ ፓወር ተቋርጧል ወይ ደሞ ድርቅ ብሎ ቀርቶ አንቺ በቁልፉ አጥፍተሽዋል። ዜሮ ካልሆነ ብሉ ስክሪን ነበር፣ ግን ልብ በዪ፣ ቁጥሩ እዛ ላይ በተራ አቆጣጠር ነው ሚቀመጠው፣ ብሉ ስክሪኑ ላይ በሄክሳ (በ16 መሰረት አቆጣጠር) ነው፣ ለዛ ነው ጎግል ስታደርጊው ምንም የማይመጣልሽ። 26 ካየሽ 1ኤ ማለት ነው፣ ሜሞሪ ማኔጅመንት የሚባለው። 80 ማለት 50 ነው፣ ይሄም ብዙ ጊዜ ከራም ይመጣል። 278 ማለት 116 ነው፣ የግራፊክስ ድራይቨሩ መልስ መስጠት አቅቶታል። 292 ማለት 124 ነው፣ ዊያ ይባላል፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ የሀርድዌር ስህተት ሪፖርት አድርጓል፣ ማዘርቦርድን በቁም ነገር መጠርጠር ምጀምረው ይሄ ሲደጋገም ነው። አንቺ እንዳልሽው ኮዱ በየጊዜው ሚለያይ ከሆነ ግን ድራይቨር አይመስለኝም፣ የተበላሸ ድራይቨር አብዛኛውን ጊዜ ያንኑ ኮድ ነው ሚደጋግመው፣ ራም ግን የተበላሸችው ቦታ ላይ የትኛው ፕሮግራም እንደተቀመጠ እየተቀያየረ ስለሚሄድ ኮዱም ይቀያየራል።

እሺ፣ አሁን ምጣዱ። እናትሽ ቢስቁም ልክ ሳትሆኚ አትቀሪም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል፣ በ220 ቮልት ስታሰቢው ከ13 አምፒር በላይ ነው፣ የቤቱ ሽቦ ቀጭን ከሆነ ወይ የሆነ ቦታ ማያያዣው ከላላ ምጣዱ በተነሳ ቁጥር ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፣ አምፖሉ ብልጭ ማለቱን አስተውለሽ ይሆናል። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ እንደዚ አይነት ቅፅበታዊ መቋረጥን ውስጡ ባሉት ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ እቃዎች) ተሸክሞ ያልፋል፣ ግን አዲስ እያለ እንኳ በሙሉ ጭነት 16 ሚሊሰከንድ አካባቢ ነው የሚችለው፣ የኛ መብራት አንድ ዙር ራሱ 20 ሚሊሰከንድ ነው። ካፓሲተር ሲያረጅ ደሞ ይሄ ጊዜ ያጥራል፣ ያንቺ ማሽን 4ኛ ጄኔሬሽን ስለሆነ እድሜው ከአስር አመት አልፏል፣ ከቢሮ ወደ መጋዘን ከመጋዘን ወደ ሱቅ የዞረ ነው። ቲቪውና ፍሪጁ ምንም ሳይሆኑ ኮምፒውተሩ ብቻ ድርግም የሚለው ለዛ ነው።

ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ፋይልሽም አይነካም። ኮምፒውተሩን አስነሺና ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ ገፅ) ውስጥ ገብተሽ እዛው ተዪው፣ ባዮስ ላይ ሲሆን ዊንዶውስ ገና አልተነሳም፣ ድራይቨር የለም፣ ቫይረስ የለም። ከዛ እናትሽን ምጣዱን አንዴ ያብሩት አንዴ ያጥፉት በያቸው፣ ደጋግመው። ባዮሱ ላይ እያለ ድርግም ካለ በቃ ጨረስሽ፣ ይሄኛው ችግር ከዊንዶውስ ጋር አይገናኝም፣ መቶ ጊዜ ፎርማት ቢደረግም አይድንም። መጀመሪያ ኮምፒውተሩን ከምጣዱና ከፍሪጁ መስመር አውጥተሽ ሌላ ክፍል ሶኬት ላይ ሞክሪው፣ በማከፋፈያ ላይ ማከፋፈያ ከተሰካ እሱንም ንቀዪው። ከተሻለው ኤሌክትሪሺያን ጠርተሽ የምጣዱን መስመር አስፈትሺ፣ የላላ ማያያዣ ኮምፒውተር ማጥፋት ብቻ ሳይሆን እሳትም ያስነሳል። ካልተሻለው ከሌላ ተመሳሳይ ሞዴል ላይ ፓወር ሰፕላይ ተዋሺና ሞክሪ፣ ተመሳሳይ ያልኩት ያለምክንያት አይደለም፣ የቢሮ ዴስክቶፖች ብዙዎቹ ሶኬታቸውም ቅርፃቸውም የራሳቸው ስለሆነ ሱቅ ያለው ተራ ፓወር ሰፕላይ ላይገባ ይችላል።

ስታብላይዘር ልግዛ ወይ ብለሽ ነበር። ስታብላይዘር ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ ሲል ያስተካክላል እንጂ ባትሪ ስለሌለው ለቅፅበት መቋረጥ ምንም አያረግም፣ አንዳንዱ እንደውም ሪሌው "ቀጭ" ብሎ ሲቀያይር ራሱ ትንሽ ያቋርጣል። አንቺ የሚያስፈልግሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲቋረጥ በባትሪው የሚይዝ ሳጥን) ነው፣ እንዳንቺ ላለ ማሽንና ሞኒተር 650 ቪኤ የሚለው ይበቃል። ስትገዢ ባትሪውን ጠይቂ፣ ዩዝድ ዩፒኤስ ባትሪው ሞቶ ሳጥኑ ብቻ ነው ሚሸጠው አንዳንዴ፣ እዛው ሱቁ ውስጥ አንድ ኮምፒውተር አሰክተሽ የዩፒኤሱን ገመድ ከግድግዳው አስነቅለሽ እዪ፣ ኮምፒውተሩ ከጠፋ አትግዢው። በነገራችን ላይ ኬዙን ስትነኪው ይነዝረኛል ያልሽው ቤታችሁ አርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ ሽቦ) ስላልተዘረጋ ነው፣ ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ፊልተር ትንሽ ከረንት ወደ ኬዙ ይለቃል፣ መሄጃ ሲያጣ ኬዙ ላይ ይቀራል። ብዙ ቤት እንደዛ ነው፣ ግን ይሁን ተብሎ የሚታለፍ አይደለም፣ ኤሌክትሪሺያኑ ሲመጣ አብረሽ አሰሪው።

ሁለተኛው ራሙ። ብሉ ስክሪኑ ወንድምሽ ራም ከጨመረ በኋላ ይመስለኛል ግን እርግጠኛ አይደለሁም ብለሻል፣ እሱን እርግጠኛ ማድረግ ትችያለሽ፣ ስታርት ላይ ሪላያቢሊቲ ብለሽ በእንግሊዝኛ ስትፅፊ ሪላያቢሊቲ ሂስትሪ ይመጣል፣ በየቀኑ የተበላሸውን በቀይ ምልክት እየደረደረ ያሳይሻል። ፎርማት ከተደረገ ወዲህ ያለውን ብቻ ነው ሚያሳይሽ፣ ያም ሆኖ ከደብተርሽ ጋር ሲታይ ይጠቅማል። ሌላ የራም ምልክት ልንገርሽ፣ አንድ ትልቅ ዚፕ ፋይል ፍቺ፣ አንዴ "ፋይሉ ተበላሽቷል" ብሎሽ ያንኑ ፋይል ደግመሽ ስትፈቺው ምንም ሳይል ካለፈ ፋይሉ ደህና ነው፣ ያነበበው ራም ነው የሳተው። ብራውዘር ላይ ታቦች እየተነሱ መዘጋታቸውም የዚሁ አካል ሊሆን ይችላል።

ብር የማያወጣው ፈተና መጀመሪያ። ኮምፒውተሩን አጥፊ፣ ገመዱን ከግድግዳ ንቀዪ፣ የማብሪያ ቁልፉን ለጥቂት ሰከንድ ተጭነሽ ያዢው ውስጡ የቀረው እንዲወጣ፣ ከዛ የኬዙን ብረት ነክተሽ ክፈቺው። አዲሱን ራም አውጥተሽ በድሮው 8 ብቻ ጥቂት ቀን ስሪበት። ብሉ ስክሪኑ ከጠፋ ግማሹን መንገድ ሄደሻል። ገና ነው ግን፣ ራሙ ይሁን ማስገቢያው አልታወቀም፣ ስለዚ አሁን ተቃራኒውን አርጊ፣ አዲሱን ብቻ ድሮው በሰራበት ማስገቢያ ላይ ክተቺውና ሜምቴስት86 አስሮጪ። ፍላሽ ላይ ተጭኖ ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳ ፕሮግራም ነው፣ ነፃው ቨርዥን አራት ዙር ይፈትሻል፣ ሰዓታት ይወስዳል፣ ማታ ለቀሽው ተኚ፣ መብራት ካቋረጠው ከዜሮ ይጀምራል። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የሜሞሪ መፈተሻም አለ ግን እሱ ምንም አላገኘሁም ቢልሽ አትመኚው፣ ብዙ ያልፈዋል። ሜምቴስቱ ላይ ደሞ "ሁለት ሶስት ኤረር ብቻ ነው ያሳየው" ሚባል ነገር የለም፣ አንድ እንኳ ከታየ ያ ራም አይሆንም።

ራሙን አውጥተሽ ከመጣልሽ በፊት ግን ወርቃማ የሆነውን እግሩን በንፁህ ላጲስ ቀስ ብለሽ አሺው፣ ብናኙን አራግፊ፣ ማስገቢያውንም በለስላሳ ብሩሽ፣ ከዛ ሁለቱም ጫፍ ቀጭ እስኪል አስገቢና ድጋሚ ፈትሺ። አቧራና እርጥበት የተጠራቀመበት እግር ስንቱን ደህና ራም አስጥሏል መሰለሽ። ከፀዳ በኋላም ኤረር ካመጣ ወደገዛችሁበት መልሱት። ሁለቱም ለየብቻ ንፁህ ሆነው አብረው ሲሆኑ ብቻ ኤረር ከመጣ አይጣጣሙም ማለት ነው፣ ስቲከራቸውን አንብቢ፣ አንዱ 12800 ሌላው 10600 የሚል ሊሆን ይችላል፣ ማዘርቦርዱ ወደ ቀሰስተኛው አውርዶ ሊያስማማቸው ይሞክራል፣ ሁሌ ግን አይሳካለትም። ተመሳሳይ ጥንድ ፈልጊ። ደህናው ራም በአንድ ማስገቢያ ላይ ንፁህ ሆኖ በሌላው ላይ ኤረር ሚያመጣ ከሆነ፣ አሁን ነው የማዘርቦርድ ወሬ ማውራት ሚቻለው፣ እሱም ቢሆን ያንን ማስገቢያ ትተሽ በቀሩት መቀጠል ትችያለሽ።

የስክሪኑ መስመር ሶስተኛ ችግር ይሁን የራሙ ቅጥያ በአንድ ስክሪንሾት ይለያል። መስመሩ ሲመጣ የዊንዶውስ ቁልፍን ከፕሪንት ስክሪን ጋር ተጫኚና ፎቶውን በቴሌግራም ወደ ስልክሽ ላኪው፣ ስልክሽ ላይ ክፈቺው። መስመሩ ስልኩ ላይም ከታየ ስዕሉ ኮምፒውተሩ ውስጥ እያለ ነው የተበላሸው፣ ያንቺ ማሽን ደሞ ግራፊክሱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለ ስለሆነ ለብቻው ሜሞሪ የለውም፣ ከዋናው ራም ነው የሚበደረው፣ ስለዚ የተበላሸ ራም ስክሪን ላይ ነጠብጣብ ሆኖ ሊወጣ ይችላል፣ ራሙ ሲስተካከል አብሮ ይጠፋል ብዬ እጠብቃለሁ። ስልኩ ላይ ንፁህ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ገመዱ ወይ ሞኒተሩ ነው፣ በሰማያዊው ቪጂኤ ገመድ ከሆነ የምትጠቀሚው ሁለቱን ብሎኖች አጥብቂያቸው፣ ገመዱን በሌላ ቀይሪ።

ሙቀትና ዲስክን ባጭሩ። ኤችደብልዩኢንፎ የሚባለውን ፕሮግራም ጫኚና ስራ ላይ እያለሽ የፕሮሰሰሩን ሙቀት እዪ፣ እስከ 80 ዲግሪ አካባቢ ችግር የለውም፣ 95 እና 100 ከነካ አቧራውን አስነፊ፣ ስትነፊ ፋኑን በጣትሽ ያዢው እንዳይሽከረከር፣ የድሮው ተርማል ፔስት ደርቆ ይሆናል እሱም ይቀየር። ለዲስኩ ክሪስታልዲስክኢንፎ የሚባለው ፕሮግራም አለ፤ 05፣ ሲ5 እና ሲ6 የሚሉት መስመሮች ላይ በስተቀኝ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ካለና እየጨመረ ከሄደ ዲስኩን ቀይሪ፣ አትጠብቂ። ሲ7 ብቻ ከጨመረ ዲስኩ ሳይሆን የሳታ ገመዱ (ዲስኩን ከማዘርቦርዱ ጋር የሚያገናኘው) ነው።

ዊንዶውስ 11 ጫኚበት ያለሽ ሰው አለ፣ ዊንዶውስ 11 ግን ከዚ ሁሉ አንዱንም አይፈታልሽም፣ 4ኛ ጄኔሬሽንን በይፋም አይቀበልም። ሰዓቱ ወደ ኋላ እየተመለሰ ያስቸግረኛል ያልሽው ደሞ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ ናት፣ 2032 የሚል ቁጥር ያለባት፣ ብሉ ስክሪኑ ከእሷ አይደለም ግን ኬዙን ስለምትከፍቺው አብረሽ ቀይሪያት፣ ከመቀየርሽ በፊት የባዮስ ሴቲንጉን ፎቶ አንሺ፣ በተለይ የሳታ ሞድ የሚለውን፣ እሱ ከተቀየረ ዊንዶውሱ አልነሳም ሊልሽ ይችላል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ፣ ፋይሉን ማዳን፣ ባዮስ ላይ የምጣድ ፈተናው፣ በአንድ ራም ጥቂት ቀን፣ ሜምቴስት፣ ስክሪንሾቱ፣ ካስፈለገ መጨረሻ ላይ ፎርማት። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሪ፣ ራም እያወጣሽ የዛኑ ቀን ሶኬት ብትቀይሪ የትኛው እንደፈታው አታውቂም። ስትጨርሺ የበግቼክኮድ ቁጥሮቹን፣ የሜምቴስቱን የመጨረሻ ስክሪን ፎቶና የሁለቱን ራሞች ስቲከር ላኪልኝ፣ 292 ተደጋግሞ ከመጣ ደሞ ሌላውን ሳትጨርሺ ወዲያው ፃፊልኝ፣ ያኔ ሌላ ፍተሻ ነው ምነግርሽ።